ስንት ቶን ሂት ፓምፕ ያስፈልገናል? የጋዝ ቢላችሁ ከኮንትራክተሩ የተሻለ ያውቃል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን በ1984 የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ቤዝመንቱን ሳይጨምር 1,800 ስኩዌር ፊት ይሆናል። አምስት ነን። ኤሲው ዘንድሮ ሞተ። የጋዝ ፈርነሱም 80,000 ቢቲዩ የሚል አሮጌ ነው። ሁለቱንም አንስተን ክረምት የሚያሞቅ፣ ሰመር የሚያቀዘቅዝ ሂት ፓምፕ ለማስገባት አሰብን። አንዱ ኮንትራክተር 5 ቶን ያስፈልጋችኋል አለ። ሌላው 3 ቶን ይበቃል አለ። ሁለቱም ምንም ሳይለኩ ነው የሄዱት። የጃንዋሪ ጋዝ ቢላችን 140 ቴርም ነው፤ በሰመር ግን በወር ከ20 አያልፍም። የትኛውን እንመን?»

ለጊዜው ሁለቱንም አትመኑ። ቁጥራቸው በዝቷል ወይም አንሷል ብዬ አይደለም። ሜትር ሳያወጣ፣ አቲክ ላይ ሳይወጣ፣ መስኮት ሳይቆጥር ቁጥር የሚናገር ሰው እየገመተ ነው። የግምቱን ዋጋ ደግሞ ለአሥራ አምስት ዓመት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ቶን እዚህ ክብደት አይደለም፤ ማሽኑ በሰዓት የሚያስገባው ወይም የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ ነው። 5 ቶን ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በሙያው ውስጥ «ለ400 ስኩዌር ፊት 1 ቶን» የሚል የቆየ ልማድ አለ። 1,800ን ለ400 ስናካፍል 4.5 ይመጣል። «ትንሽ ይትረፍ» ተብሎ 5 ይሆናል። 3 ቶን ያለው ደግሞ ምናልባት የሞተውን ኤሲ መጠን አይቶ ነው የጻፈው። ግን ቤት ሙቀት የሚያጣው በወለሉ ስፋት ልክ አይደለም። የሚያጣው በግድግዳው፣ በጣሪያው፣ በመስኮቱና በየስንጥቁ በኩል ነው። ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊፈልግ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ማኑዋል ጄ ይባላል። የአሜሪካ የኤሲ ተቋራጮች ማኅበር፣ ኤሲሲኤ፣ ያወጣው የስሌት ደንብ ነው። ማሽኑን ከስሌቱ ጋር አገናዝቦ ለመምረጥ ደግሞ ማኑዋል ኤስ የሚባል አለ። አየሩ በቤቱ ውስጥ ለሚሄድበት ቱቦ፣ ለዳክቱ፣ ማኑዋል ዲ አለ። ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድ የምትከተለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ ራሱ፣ ማሽን በማኑዋል ጄ ተሰልቶ በማኑዋል ኤስ እንዲመረጥ ይጠይቃል። ስለዚህ «ስሌቱን አሳዩኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

እስከዚያው ግን እናንተው ራሳችሁ ጥሩ ግምት ላይ መድረስ ትችላላችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ጥያቄያችሁ ውስጥ አለ።

ከጋዝ ቢሉ እንጀምር። ጃንዋሪ ላይ 140 ቴርም አቃጥላችኋል። በሰመር የሚሄደው 20 ቴርም የሙቅ ውሃና የምድጃ ነው፤ እሱ ክረምትም አይቀርም። ስለዚህ ለማሞቂያ የዋለው 120 ቴርም ነው። ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው። የእናንተ ዓይነት አሮጌ ፈርነስ ከሚያቃጥለው 80 በመቶ ያህሉን ነው ወደ ቤት የሚያስገባው፤ ቀሪው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ቤታችሁ በወሩ ያገኘው ሙቀት 96 ቴርም፣ ማለትም 9,600,000 ቢቲዩ ነው።

አሁን ወሩ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደነበር ማወቅ አለብን። ይህ የሚለካው ሂቲንግ ዲግሪ ዴይ በሚባል ቁጥር ነው። በየቀኑ የውጪው አማካይ ሙቀት ከ65 ፋራናይት በስንት ዲግሪ እንዳነሰ ይታያል፤ ከዚያ የወሩ ይደመራል። በእናንተ አካባቢ ለጃንዋሪ 900 ብለን እንያዝ። የራሳችሁን ወር ትክክለኛ ቁጥር ከብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ድረ ገጽ ማግኘት ትችላላችሁ፤ የቢሉን ቀናት ተከትላችሁ ደምሩት። 900ን በ24 ሰዓት ስናባዛ 21,600 ነው። 9,600,000ን ለ21,600 ስናካፍል 444 ይመጣል።

ይህ 444 የቤታችሁ መታወቂያ ነው። ውጪው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ቤታችሁ በሰዓት 444 ቢቲዩ ተጨማሪ ሙቀት ያጣል ማለት ነው። ማንም ኮንትራክተር በዓይኑ አይቶ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የዲዛይን ሙቀት ነው። ማሽን የሚመረጠው በታሪክ ከተመዘገበው የመጨረሻ ብርድ አንጻር አይደለም። ከዓመቱ ሰዓታት 99 በመቶው ከሱ በላይ የሚሞቁበት ቁጥር ይወሰዳል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህ 20 ፋራናይት ገደማ ነው። ሚኒያፖሊስ ያሉ ወገኖቻችን ከዜሮ በታች ነው የሚያሰሉት፤ ሲያትል ያሉት 30 አካባቢ። ከሌላ ስቴት ያለ ዘመድ «እኛ 4 ቶን አስገብተን ተገላገልን» ቢላችሁ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም።

ከ65 እስከ 20 ያለው ልዩነት 45 ነው። 444 በ45 ሲባዛ 20,000 ቢቲዩ በሰዓት ይሆናል። 65 የተወሰደው ቀሪውን ሙቀት ሰዎቹ፣ ፍሪጁና መብራቱ ይሞሉታል ተብሎ ነው። ያንን ሳንቆጥር ከ70 ብንነሳ 22,200 ይመጣል። አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ነው። በዓመቱ ቀዝቃዛ በሚባለው ሰዓት ቤታችሁ የሚፈልገው 2 ቶን እንኳ አይሞላም ማለት ነው። 5 ቶን ተብላችሁ ነበር።

«ቢሉ ቢሳሳትስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ቤት ለሁለት ሳምንት ባዶ ከነበረ፣ ወይም ቤዝመንት ውስጥ በኤሌክትሪክ ሂተር ስትሞቁ ከከረማችሁ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሌላ መንገድ እናመሳክረው። ውጪው 20 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ቴርሞስታቱን ሳትነኩ ፈርነሱ በሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ያዙ። ዘመናዊ ቴርሞስታት ካላችሁ አፑ ራሱ ይመዘግባል። 80,000 የሚለው የሚያቃጥለው ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው 64,000 ነው። በሰዓት 22 ደቂቃ ከሠራ 64,000 በ22/60 ሲባዛ 23,500 ገደማ ነው። 40 ደቂቃ ከሠራ ግን የኔ ስሌት አንሷል ማለት ነው፤ እንደገና እንነጋገራለን።

ሦስተኛው መንገድ ማኑዋል ጄ የሚሄድበት ነው። ቤቱን ክፍል በክፍል ገንጥሎ ማስላት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስፋቱን በዩ ቫልዩ፣ ከዚያ በሙቀቱ ልዩነት ማባዛት። ዩ ቫልዩ ሙቀት በአንድ ስኩዌር ፊት በኩል ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚነግር ቁጥር ነው፤ የአር ቫልዩ፣ ማለትም ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅም፣ ግልባጭ ነው። አር 19 ኢንሱሌሽን ያለው አቲክ ዩ ቫልዩው 0.05 ገደማ ነው።

የቤታችሁን ቅርፅ ስለማላውቅ 30 በ30 ፊት ነው ብዬ ልያዝ። ልዩነቱ ከ70 እስከ 20፣ 50 ዲግሪ ነው። የተጣራው ግድግዳ 1,760 ስኩዌር ፊት ይሆናል። በ1984 የተሠራ፣ አር 11 ወይም አር 13 ያለው የእንጨት ግድግዳ ከነቋሚዎቹ 0.09 ያህል ነው፤ 7,900 ያጣል። መስኮት 240 ስኩዌር ፊት ቢሆን፣ አሮጌ ባለ ሁለት መስታወት 0.5 ነው፤ 6,000። በሮቹ 800። አቲኩ 2,250። ቤዝመንቱን በግርድፉ 3,000 እንበል፤ አፈር ስለሚከልለው የሚያጣው እንደ ላይኛው አይደለም።

ቀሪው በስንጥቅ የሚገባው አየር ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ በዓይን አይታይምና። የቤቱ ይዘት 14,400 ኪዩቢክ ፊት ነው። በሰዓት 35 በመቶው ቢቀያየር በደቂቃ 84 ኪዩቢክ ፊት ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ይህን በ1.08 እና በ50 ስናባዛ 4,500 ይሆናል። 1.08 የአየርን ክብደትና ሙቀት የመያዝ አቅም የያዘ ቁጥር ነው፤ ለባሕር ጠለል የወጣ ስለሆነ እንደ ዴንቨር ያለ ከፍታ ላይ ዝቅ ይላል። ያ 35 በመቶ ግን ግምት ነው። እርግጠኛው መንገድ ብሎወር ዶር የሚባለው ምርመራ ነው። በር ላይ ትልቅ ፋን ተገጥሞ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይለካል። አንድ ምክር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህን ምርመራ አሠሩ እላለሁ።

ሁሉም ሲደመር 24,500 ገደማ ነው። ከቢሉ 22,200 ጋር የአሥር በመቶ ያህል ልዩነት ነው ያለው። በእጅ የተሠራ ስሌት ትንሽ ወደ ላይ ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ሦስቱ መንገዶች አንድ አካባቢ ካረፉ ከ22,000 እስከ 25,000 ባለው ልብ ሊጣልበት ይችላል። ዳክቶቹ አቲክ ውስጥ ከሆኑ ግን ንገሩኝ። በብርዱ አቲክ የሚያልፍ፣ መገጣጠሚያው የሚያፈስ ዳክት ሥራውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ሰመር። ዲሲ አካባቢ የዲዛይን ሙቀቱ 92 ፋራናይት ገደማ ነው፤ ውስጥ 75 ይያዛል። ልዩነቱ 17 ብቻ ነው። በክረምቱ 50 አጠገብ ሲታይ ትንሽ ነው። ታዲያ ጭነቱ የሚመጣው ከየት ነው? በዋናነት ከፀሐይ፣ በመስኮት በኩል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ከሰሜኑ እጥፍ በላይ ያስገባሉ። በእናንተ ቤት ግማሹ መስኮት በነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ነው ብንል፣ መጋረጃው እንዳለ ሆኖ፣ ከመስኮቶቹ ብቻ 9,000 ይመጣል። ግድግዳው 3,200። የጋለው አቲክ 2,000። አምስት ሰው በነፍስ ወከፍ 230፣ በጠቅላላ 1,150። የወጥ ቤት ዕቃ 2,400። የሚገባው አየርና በሮቹ 1,200። ድምሩ 19,000 ገደማ ነው።

በዚህ ላይ እርጥበት አለ። የዋሽንግተን ወበቅ የታወቀ ነው። ሰው በትንፋሹና በላቡ፣ አየሩም በስንጥቅ ሲገባ የሚያመጡት ውሃ መወገድ አለበት። ለናንተ 2,500 ያህል ይሆናል። በጠቅላላ 21,500 ቢቲዩ፣ ማለትም 1.8 ቶን።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚያነሱት ነገር አለ። «እኛ ቤት እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ እንግዳ አይጠፋም፤ ለሌላው የሚበቃ ለኛ አይበቃም» ይላሉ። ነገሩን እንየው። 1,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 5,100 ቢቲዩ ያወጣል። ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎትም አለ። ቀላል አይደለም፤ ግማሽ ቶን ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ሃያ እንግዳ ቢመጣ ደግሞ ከነእርጥበቱ 8,600 ነው። ግን ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። ለነዚያ ሰዓታት ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚያስቸግር ማሽን አትግዙ። ምጣዱን ቤዝመንት አድርጉት፤ ወደ ውጪ የሚያወጣ ፋን ግጠሙለት። እንግዳ የሚመጣ ቀን ቤቱን ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። ግድግዳውና ዕቃው ቀዝቃዛውን ይዞ ይቆያል።

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ለሚለው መልሴ ይኸው። 5 ቶን ማሽን 21,500 የሚፈልግ ቤት ውስጥ ቴርሞስታቱን በጥቂት ደቂቃ ያረካውና ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ይነሳል። የማቀዝቀዣው ኮይል ሲነሳ መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት፤ ከዚያ ውሃው ላዩ ላይ ይጠራቀማል፤ ቆይቶ ነው ወደ ማፍሰሻው መንጠባጠብ የሚጀምረው። ማሽኑ ከዚያ በፊት ከጠፋና ፋኑ መሥራቱን ከቀጠለ ኮይሉ ላይ ያለው ውሃ ተመልሶ ቤት ይገባል። ቴርሞስታቱ 74 ይላል፤ አንሶላው ግን ይጣበቃል። ቤዝመንቱ ሻጋታ ይሸታል። ሰዎች እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ያነሰ ይመስላቸውና 70 ላይ ያወርዱታል።

ዳክቱም አለ። አንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፊት ያህል አየር ይፈልጋል። 5 ቶን 2,000 ነው። የእናንተ ዓይነት ቤት ዳክት ብዙ ጊዜ ከ1,200 በላይ ሲያልፍበት ይጮኻል፣ ይታፈናል። በዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ መነሳትና መጥፋት ኮምፕሬሰሩን ያደክመዋል።

አሁን ማሽኑን እንምረጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሂት ፓምፕ ላይ የተጻፈው ቶን ቤት የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው። የማሞቅ አቅሙ ደግሞ ውጪው በቀዘቀዘ ቁጥር ይወርዳል፤ ልክ ቤቱ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት። ስለዚህ የማሽኑ አቅም የተመሰከረበት ሰርተፊኬት ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ በ47 ፋራናይት እና በ17 ፋራናይት የሚሰጠውን።

ምሳሌ ልስጥ። ተራ ባለ አንድ ፍጥነት 2 ቶን ማሽን በ47 ዲግሪ 23,000፣ በ17 ዲግሪ 14,500 ይሰጣል እንበል። ቤታችሁ በየዲግሪው 490 ይፈልጋል፤ ይህ 24,500ን ለ50 ስናካፍል የመጣ ነው። በ40 ዲግሪ 14,700 ይበቃዋል፤ ማሽኑ ይተርፋል። በ32 ዲግሪ 18,600 ያስፈልገዋል፤ ማሽኑም ያንኑ ያህል ነው የሚሰጠው። ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ከዚያ በታች ማሽኑ ብቻውን አይችልም። በ20 ዲግሪ የሚጎድለው 9,000 ያህል ነው። ያንን የሚሞላው ከማሽኑ ጋር የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሂት ስትሪፕ፣ ነው። 2.7 ኪሎዋት ይበቃል፤ ገበያ ላይ ያለው 5 ኪሎዋት 17,000 ቢቲዩ ስለሆነ ያስተርፋል። ችግሩ ስትሪፑ ለአንድ ኪሎዋት አንድ ኪሎዋት ብቻ ነው የሚመልሰው። ሂት ፓምፑ በዚያ ብርድ እንኳ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰጣል። በዲሲ አካባቢ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ከ32 በታች የሚወርድ ሌሊት ብዙ ነው፤ ስትሪፑ በቢላችሁ ላይ ይታያል።

ለብርድ ተብሎ የሚሠራው ባለ ተለዋዋጭ ፍጥነት ዓይነት ሌላ ነው። እሱ በ17 ዲግሪም አቅሙን ብዙም አይጥልም። 2 ቶን የሚል ሞዴል በ17 ዲግሪ 22,000 ከሰጠ የሚጎድለው 2,500 ነው። ያንን አምስታችሁ፣ ፍሪጁና ምድጃው ትሞሉታላችሁ። የኔ ምርጫ ይህ ነው፦ 2 ቶን፣ ተለዋዋጭ ፍጥነት፣ ለብርድ የተሠራ፣ ከ5 ኪሎዋት ስትሪፕ ጋር ለክፉ ቀን። የስሌቱ ውጤት ወደ 27,000 ከወጣ 2.5 ቶን ልትሉ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ግን ዝቅተኛ ፍጥነቱን ጠይቁ። «እስከ ስንት ቢቲዩ ይወርዳል?» በሉ። በ47 ዲግሪ ከ10,000 በታች ካልወረደ መለስተኛ በሆኑት ቀናት እየተነሳ እየጠፋ ያስቸግራል፤ ተለዋዋጭ የሚለው ስም ብቻ ይቀርለታል። ለሞዴሎቹ ትክክለኛ ቁጥር፣ በ5 ዲግሪ የሚሰጡትን ጨምሮ፣ ኒፕ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ድርጅት በነፃ የሚያወጣው ዝርዝር አለ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ስንጥቁን ድፈኑ። አቲኩን ከአር 19 ወደ አር 49 ብታሳድጉት 1,350 ቢቲዩ ይቀንሳል። የአቲኩን መግቢያ በር፣ የመብራቶቹን ቀዳዳና ቤዝመንቱ ከእንጨቱ የሚገናኝበትን ጠርዝ ብታሽጉ ሌላ 1,300 ያህል ልትቀንሱ ትችላላችሁ። መስኮቶቹን ሁሉ ብትቀይሩ 2,400 ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። መስኮት ሻጮች በር ሲያንኳኩ ይህን አስታውሱ። መስኮቱ ሲያረጅ ትቀይሩታላችሁ፤ አቲኩ ይቅደም። ቤቱ ከታሸገ በኋላ ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት፤ ምናልባት 2 ቶኑም ዘና ብሎ ይሠራል።

ኮንትራክተሮቹ ሲመለሱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቋቸው። የማኑዋል ጄ ውጤቱ፣ በየክፍሉ ተከፋፍሎ። ማሽኑ በ17 ዲግሪ የሚሰጠው ቢቲዩ። ዳክቱ ተለክቶ ስንት አየር እንደሚችል። የማኑዋል ጄውን ወረቀት ሲሰጧችሁ ሦስት ቦታ እዩ፦ የውጪው ሙቀት 20 አካባቢ መሆኑን፣ የአቲኩ ኢንሱሌሽን እውነተኛው መሆኑን፣ የመስኮቶቹ አቅጣጫ ከቤታችሁ ጋር መመሳሰሉን። አንዳንዱ ሶፍትዌሩን ተጠቅሞ የውጪውን ሙቀት ወደ 5 ዝቅ፣ አቲኩን ወደ አር 11 ዝቅ ያደርግና የፈለገውን 4 ቶን ያወጣል። ወረቀቱ ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ከገመተው አይሻልም።

ማሽኑ ከገባ በኋላም አንድ ልማድ ቀይሩ። በፈርነስ ጊዜ ሌሊት 62 አድርጎ ጠዋት ወደ 70 ከፍ ማድረግ ያዋጣ ነበር። በልኩ የተመረጠ ሂት ፓምፕ ግን ስምንት ዲግሪ በአንዴ ሲጠየቅ ስትሪፑን ይጠራል። 68 ወይም 70 ላይ ተዉት፤ ቢበዛ ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ብርድ በሆነ ቀን ማሽኑ ሳያቋርጥ ሲሠራ ብታዩ አትደንግጡ። እንዲሠራ የተፈለገው እንደዚያ ነው።

የአቲኩን ኢንሱሌሽን ጥልቀት በኢንች፣ ዳክቶቹ የሚያልፉበትን ቦታና የመስኮቶቹን ስፋት በየአቅጣጫው ላኩልኝ። የያዝኳቸውን ግምቶች አንድ በአንድ በእናንተ ቁጥር እየተካሁ ስሌቱን አስተካክለዋለሁ።